ዝላይ ወይስ ጀብዱ? የቪዲዮ ጌም ዘውጎች አመጣጥ

በኢትዮጵያ ከተሞች ፕሌይስቴሽን ቤት የገባ ልጅ ጌም የሚለየው በአጭሩ ነው፤ የኳስ፣ የመኪና፣ የድብድብ፣ የተኩስ። አከፋፈሉ ፕላትፎርመር (የዝላይ) እና አድቬንቸር (የጀብዱ) ጌሞች ላይ ሲደርስ ግን ይደናቀፋል።

አድቬንቸር ስሙን ያገኘው ከአንድ ጌም ነው። ዋሻ ማሰስ የሚወደው አሜሪካዊው የኮምፒውተር ባለሙያ ዊል ክራውዘር፣ በኬንታኪ የሚገኘውን የማሞዝ ዋሻ መነሻ አድርጎ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ አድቬንቸር የተባለ ጌም ጻፈ። ሥዕል የሚባል የለውም። ኮምፒውተሩ ተጫዋቹ ያለበትን ቦታ በጽሑፍ ይነግረዋል፤ ተጫዋቹ ደግሞ «ወደ ሰሜን ሂድ»፣ «ፋኖሱን አንሣ» እያለ በአንድ ሁለት ቃል ያዛል። ሌላው የኮምፒውተር ባለሙያ ዶን ውድስ በ1977 አስፋፋው። ከዚያ በኋላ እየመረመሩ፣ ዕቃ እየሰበሰቡና እንቆቅልሽ እየፈቱ የሚሄዱባቸው ጌሞች ሁሉ በዚሁ ስም ተጠሩ። ስለዚህ የዘውጉ መለያ ጀብደኛ ታሪክ መያዙ አይደለም፤ እንደዚያ ቢሆን ከጦርነት ጌሞች አብዛኞቹ እዚሁ በገቡ ነበር።

ፕላትፎርመር የተወለደው በጣት ነው። በ1981 በወጣው የኒንቴንዶ ዶንኪ ኮንግ ውስጥ አንድ አናጢ በብረት ወጋግራዎች ላይ ይወጣል፤ ከላይ ትልቅ ዝንጀሮ በርሜል ያንከባልልበታል። ተጫዋቹ ቁልፉን ቀድሞ ቢጫን አናጢው በርሜሉ ላይ ያርፋል፣ ቢዘገይ ይመታል። ያ አናጢ ኋላ ማሪዮ ተባለ፤ በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስም ዘውጉን በዓለም አስተዋወቀ። እዚህ ፈተናው መቼና ምን ያህል መዝለል እንደሚገባ ማወቅ ነው። አድቬንቸር ተጫዋች ቆሞ ቢያስብ ብዙ ጊዜ አይጎዳም፤ ፕላትፎርመር ላይ ግን ማመንታት ሕይወት ያስከፍላል።

ድንበሩ ሁልጊዜ እንዲህ ጥርት ያለ አይደለም። በ1986 የወጣው የዜልዳ አፈ ታሪክ ፍለጋን ከሰይፍ ፍልሚያ ጋር በማዳቀሉ አክሽን አድቬንቸር ይባላል። ጃፓን ውስጥ ደግሞ አድቬንቸር ሲባል በዋናነት የሚነበብና ምርጫ የሚሰጥ ታሪክ ማለት ነው።

እንዲህ ጨዋታን በታሪኩ ሳይሆን በአጨዋወት ሕጉ መለየት ለኢትዮጵያ ባዳ አይደለም። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ስለ ገበጣ ባሳተመው ሰፊ ጥናት ከየአካባቢው የሰበሰባቸውን የአጨዋወት ዓይነቶች መዝግቧል። እረኛ መሬት ቆፍሮ በጠጠር ቢጫወተው፣ ሌላው በተጠረበ እንጨት ላይ በፍሬ ቢጫወተው፣ ገበጣን ከገበጣ የሚለየው የጉድጓዱ ረድፍ፣ የጠጠሩ አዘራርና የአበላሉ ሕግ ነው። ባለ ሦስት ረድፉ ዓይነት ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ እምብዛም አይታወቅም።

አዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ የሠራው ኩኩሉ የተባለው ቪዲዮ ጌምም በዚሁ መስፈሪያ ይመዘን። በጌሙ አንዲት ዶሮ ታመልጣለች፤ ታሪኩ ጀብዱ ነው፣ ዝላይም አለበት። ነገር ግን ሩጫው የራሷ ነው፤ የተጫዋቹ ድርሻ መሰናክሉን ማሳለፍ ብቻ ነው። ኩኩሉ እንግዲህ አድቬንቸርም ንጹሕ ፕላትፎርመርም ሳይሆን የሩጫ ጌም ነው።