የትውልድ ሐረግ ፍለጋ፤ ከሀዋሳ እስከ ሀገረ ሰላም

ታሪክ ማለት የነገሥታትና የጦር አዝማቾች ሥራ ብቻ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ይሁን እንጂ በየቤቱ ያልተጻፈ ታሪክ አለ፤ ይኸውም አያት ለልጅ ልጁ የሚነግረው፣ ሳይነግረው ከሞተም አብሮት የሚቀበረው ነው። በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ልጽፍ የተነሣሁትም ስለዚህ ዓይነቱ ታሪክ ነው።

ነገሩ የጀመረው በሀዋሳ ከተማ በባህል አዳራሽ ነው። የፊቼ ጨምበላላ በዓል ሲቃረብ የክፍላችን ተማሪዎች የአገር ሽማግሌዎችን ንግግር ለመስማት ወደዚያ ሄደን ነበር። ንግግሩ ካበቃ በኋላ አንድ ሽማግሌ በበሩ አጠገብ እጄን ይዘው «የማን ልጅ ነህ?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም የአባቴን፣ የአያቴን፣ የቅድመ አያቴንና ከሸዋ የመጡትን የእርሳቸውን አባት ስም ሳልደናቀፍ ቆጠርሁ። «መልካም፤ በእናትህስ?» አሉኝ። እናቴ የሲዳማ ልጅ ናቸው። የእናቴን አባት ስም ጠራሁና ዝም አልሁ። ሽማግሌው አልተቆጡኝም፤ «እንግዲያው የምታውቀው ግማሽህን ነው» ብለውኝ ሄዱ።

በዚያው ቀን የሰማነው የበዓሉ ታሪክ ደግሞ ኀፍረቴን አበዛው። ፊቼ ጨምበላላ የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫ ነው። ቀኑን የሚወስኑት አያንቶ የሚባሉት ሊቃውንት ሲሆኑ፣ የከዋክብትን አካሄድ ተመልክተው ለሕዝቡ ያሳውቃሉ። ዩኔስኮም በ2008 ዓ.ም. በዓሉን በማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው፣ አንዲት የሲዳማ ሴት ካገባች በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ወላጆቿንና ዘመዶቿን ለመጠየቅ ትሄድ ነበር። ስትሄድም ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የሚሠራውን ቡርሳሜ ይዛ ትሄዳለች፤ ምግቡንም ጎረቤት ሁሉ ይካፈለዋል። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ይህ ሕዝብ ዓመቱን የሚጀምረው አንዲት ሴት ወደ ወላጆቿ ቤት ያደረገችውን ጉዞ በማሰብ ነው። እኔ ግን የእናቴን ወገኖች ደጅ አንድ ቀን እንኳ ረግጬ አላውቅም ነበር።

ስለዚህ ከበዓሉ በኋላ ባገኘሁት የዕረፍት ቀን ወደ ሀገረ ሰላም ለመሄድ ፈቃድ ጠየቅሁ። እናቴ ስኳርና ቡና ቋጥረው ሰጡኝ፤ «ባዶ እጅህን እንዳትገባ» አሉኝ። ከሀዋሳ እስከ አፖስቶ መንገዱ የቡናና የእንሰት ጓሮ አይለየውም። ከዚያ ወዲያ ዳገቱ ይበረታል፤ ቡናው እየቀረ፣ ቀርከሃው እየበዛ፣ ብርዱም እየጠና ይሄዳል። ሀገረ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ ትገኛለች።

የዚህች ከተማ ታሪክ የሁለቱም ወላጆቼ ታሪክ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ጦር የሲዳማን አገር የያዘው በ1880ዎቹ ዓ.ም. ነው። ከዐድዋ ጦርነት በኋላ ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ የሲዳሞ ገዥ ሆነው ተሾሙ፤ በመካከሉ ወደ ሐረር ቢዛወሩም ተመልሰው እስከ 1920 ዓ.ም. ገዝተዋል። ሀገረ ሰላምም የጦር ሰፈርና የገዥው መቀመጫ ነበረች። መቀመጫው በኋላ ወደ ይርጋለም፣ ቀጥሎም በ1950ዎቹ ወደ ተቆረቆረችው ወደ ሀዋሳ ተዛወረ። የጦር ሰፈር የሰላም አገር ተብሎ መሰየሙን ሳስብ እደነቃለሁ።

በዚያን ዘመን ወታደር ደመወዙን በገንዘብ አይቀበልም፤ እንደ ማዕርጉ ገባር ይመራለት ነበር። ገባሩም ማርና እህል ይገብራል፣ እንጨት ይለቅማል፣ አጥር ያጥራል፣ ሚስቱም ለወታደሩ ቤት እህል ትፈጫለች። በቤታችን ዘወትር የሚወራው የአባቴ ቅድመ አያት በዐድዋ መዋጋታቸውና ከደጃዝማች ባልቻ ጋር ወደ ሲዳሞ መምጣታቸው ነው። ገባር እንደ ነበራቸው ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

ይህን የነገሩኝ የእናቴ አጎት ናቸው። ዕድሜያቸው ሰማንያ አምስት ዓመት ያህል ነው። ቡርሳሜ አቅርበው ካበሉኝ በኋላ የእናቴን የትውልድ ሐረግ ቀስ እያሉ ቆጠሩልኝ፤ እኔም በደብተሬ ጻፍሁ። በሲዳማ ትውፊት ቡሼና ማልዲያ የሚባሉ ሁለት የጥንት አባቶች አሉ፤ የእኛ ቁጥር ዐሥራ ሦስት ስም አልፎ ከቡሼ ደረሰ። ከዚያም ሽማግሌው ወደ ሦስተኛው ስም ተመለሱና እንዲህ አሉኝ፤ «ይህ አባቴ ነው። ልጅ ሳለ ከአባቱ ጋር ማር ተሸክሞ ወደ ሰፈሩ ይወጣ ነበር። ማሩን ይቀበል የነበረው ያንተ የአባትህ ወገን ነው። ብርሌውን በእጁ ይዞ የጠጣውንም ደንበኛ አድርጎ ያውቀው ነበር።»

እኔ የምለው ጠፋኝ። እርሳቸው ግን ሳቅ አሉና «ያንተ ጥፋት አይደለም፤ ነገር ግን ሀላሌ ነውና መስማት ይገባሃል» አሉኝ። ሀላሌ በሲዳምኛ እውነት ማለት ነው፤ በሶንጎ፣ ማለትም በሽማግሌዎች ጉባኤ፣ ጠብ የሚበርደው ሀላሌ ከተነገረ በኋላ ነው።

ወደ ቤቴ ስመለስ ይህን ለአባቴ መንገር ፈራሁ፤ በመጽሔቱ ላይ ለመጻፍም አመነታሁ። ከሦስት ቀን በኋላ ግን ነገርኋቸው። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «አያቴም ሲሞቱ ስለ ማሩ አንሥተው ነበር። ጻፈው» አሉኝ። እናቴ ደግሞ ዐሥራ ሦስቱን ስም ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት የማቴዎስ ወንጌልን የመጀመሪያ ምዕራፍ ስናነብ የስሙ ብዛት ይሰለቸን ነበር። አሁን ሳየው ግን ወንጌላዊው ትዕማርን፣ ረዓብን፣ ሩትንና የኦርዮን ሚስት ሳይደብቅ ጽፏል። ከባዕድ አገር የመጣችውን አላስቀረም፤ የንጉሡ የዳዊት በደል የሚታወስበትን ስምም አልዘለለም። የትውልድ ሐረግ የሚያኰራውን ብቻ መርጠው የሚጽፉት ቢሆን ኖሮ ከመንገድ ዳር የሚሸጥ ጌጥ በሆነ ነበር።

ሩቅ ሳንሄድ፣ ከሀዋሳ በስተሰሜን 25 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በሻሸመኔ፣ ሥራቸውን ፍለጋ ውቅያኖስ ተሻግረው የመጡ ሰዎች ይኖራሉ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1940 ዓ.ም. ገደማ ለጥቁር ሕዝቦች አምስት ጋሻ መሬት ሰጡ፤ ከጃማይካና ከሌሎች የካሪቢያን አገሮች የተነሡ ሰዎችም መጥተው ሰፈሩ። የቀደሙ አባቶቻቸው በባርነት ሲሸጡ ስማቸው ተወስዶባቸዋልና፣ አንድ በአንድ የሚቆጥርላቸው ሽማግሌ አላገኙም። እኛ ግን ሽማግሌው በሕይወት አለ፣ መኪናውም በየቀኑ ይሄዳል፤ የጐደለው መነሣት ብቻ ነው።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፣ ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ሂዱ። በአባታችሁ በኩል ብቻ ሳይሆን በእናታችሁም በኩል ጠይቁ። ባዶ እጃችሁን አትግቡ። የሚነገራችሁ ደስ ባያሰኛችሁም እስከ መጨረሻው ስሙት፤ የምትወዱትን ብቻ ጽፋችሁ የቀረውን አትተዉት። እኔም ዛሬ የማን ልጅ ነህ ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር፣ ማሩን የተሸከመውንም የተቀበለውንም ስም አከታትዬ እቆጥራለሁ።