«ተቀምጧል» ሲባል የት ተቀምጧል?

ነገሩ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ረጅም የሕግ አስተያየት ጽፌ ጨረስኩና «ሴቭ» አደረግሁት። ኮምፒውተሩም ያለ ምንም ቅሬታ ተቀበለኝ። ብዙም ሳይቆይ መብራት ጠፋ። መብራቱ ተመልሶ ፋይሉን ስከፍት ያገኘሁት የጠዋቱን ቅጂ ነበር፤ የመጨረሻዎቹ ገጾች የሉም። የጠራሁት ወጣት ባለሙያ ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጋው፤ «ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ሊጽፈው ተቀበለዎት እንጂ ገና አልጻፈውም ነበር»።

በመቀበልና በመፈጸም መካከል ያለው ልዩነት ለሕግ ሰው እንግዳ አይደለም። የሽያጭ ውል መፈራረም አንድ ነገር ነው፣ ንብረቱን ማስረከብ ሌላ። በኮምፒውተር ውስጥም ይኸው ልዩነት እንዳለ ግን ብዙዎቻችን አናውቅም። ለመሆኑ በ«ሴቭ» እና በዲስኩ መካከል ምን ይካሄዳል? ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነውንና ከትልልቅ ሰርቨሮች እስከ አንድሮይድ ስልኮች የሚሠራበትን ሊኑክስን በምሳሌነት እንውሰድ።

የኦፕሬቲንግ ሲስተም እምብርት ከርነል ይባላል። አንድ ፕሮግራም «ይህን ጻፍልኝ» ሲለው ከርነሉ ጽሑፉን በራም ላይ ይይዝና «እሺ፣ ተቀብያለሁ» ብሎ ፕሮግራሙን ያሰናብታል። ዲስክ ላይ ገና ያልሰፈሩት እነዚህ ገጾች በሙያው ቋንቋ «ያደፉ ገጾች» ይባላሉ። በተለመደው አሠራር ከርነሉ በየ5 ሰከንዱ ይነቃና ከ30 ሰከንድ በላይ የቆዩትን ወደ ዲስክ ይልካል። ያደፉት ገጾች ለሥራ ሊውል ከሚችለው ሜሞሪ 10 በመቶውን ካለፉ ጊዜያቸውን ሳይጠብቅ መጻፍ ይጀምራል፤ ወደ 20 በመቶ ከደረሱ ደግሞ ጸሐፊውን ፕሮግራም ራሱን ቆም ብለህ ጠብቅ ይለዋል። ቁጥሮቹን የሲስተሙ አስተዳዳሪ ሊለውጣቸው ይችላል።

ይህ ስንፍና አይደለም። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ አንዱን ዙር ለመጨረስ 8.3 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ፕሮሰሰሩ ሚሊዮኖች ሥራዎችን ያከናውናል። አንድ ገጽ አሥር ጊዜ ቢታረም ደግሞ አሥር ጊዜ ዲስክ ድረስ ከመመላለስ የመጨረሻውን ብቻ መጻፍ ይበቃል። ለእያንዳንዷ ወረቀት ወደ መዝገብ ቤት የሚሮጥ ጉዳይ አስፈጻሚ ቀኑን በደረጃ ላይ ይጨርሳል።

ሁለተኛው ጥያቄ የቅደም ተከተል ነው። የዲስኩ ራስ ወዲያና ወዲህ እየዘለለ እንዳይባክን ከርነሉ ጥያቄዎቹን በመንገዱ ላይ እንደሚገኙበት ቦታ ይደረድራቸዋል። ሊፍት ፎቆቹን በተራ እንጂ በተጠራበት ቅደም ተከተል እንደማያስተናግደው ማለት ነው፤ ዘዴውም ስሙን ያገኘው ከሊፍት ነው። ችግሩ ግን ግልጽ ነው። በአንድ አካባቢ ጥያቄ ከበዛ በሩቅ ያለው ጥያቄ ተራ ሳያገኝ ይቀራል። ለዚህ መፍትሔ የሆነው «ዴድላይን» የተባለው ዘዴ ለእያንዳንዱ ጥያቄ የጊዜ ገደብ ይሰጣል። ለማንበብ ግማሽ ሰከንድ፣ ለመጻፍ 5 ሰከንድ። ንባብ የቀደመው የሚያነብ ፕሮግራም መልሱ እስኪመጣ እጁን አጣጥፎ ስለሚጠብቅ ነው፤ የሚጽፈው ግን «ተቀብያለሁ» ተብሎ ሄዷል።

ዲስኩን በፕሮግራሞች መካከል በፍትሐዊነት ለማከፋፈል የታሰበው «ሲኤፍኪው» እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ለዓመታት የሊኑክስ መደበኛ ምርጫ ነበር። የሚሽከረከር አካል የሌላቸው ኤስኤስዲዎች ሲመጡ ግን ስለ ራስ መዝለል መጨነቅ ትርጉም አጣ። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ሊኑክስ 5.0 ሲኤፍኪው ከነነባሩ የአንድ ወረፋ ሥርዓት ተሰናበተ። ዛሬ በፈጣኖቹ ዲስኮች ላይ ብዙ ጊዜ «ምንም» የተባለው፣ ማለትም ያለመደርደር ምርጫ ይሠራል። የራም ላይ ቆይታው ግን አልቀረም።

ታዲያ እርግጠኛ መሆን የሚፈልግ ምን ያድርግ? «ኤፍሲንክ» የሚባል ትእዛዝ አለ። ፕሮግራሙ ይህን ሲጠራ ከርነሉ የፋይሉን ያደፉ ገጾች ልኮ፣ ዲስኩም በራሱ ጊዜያዊ ማቆያ የያዘውን እንዲያሰፍር አዝዞ፣ ማረጋገጫ እስኪያገኝ ድረስ አይመለስም። ጊዜ ይወስዳል፤ ስለዚህም ፍጥነት የሚያሳድዱ ፕሮግራመሮች ይዘሉታል።

ኤፍሲንክ ራሱም ቢሆን መልሱን የሚያዳምጥ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ባለሙያዎች ያስተዋሉት ይህንኑ ነው። በሊኑክስ ላይ መጻፍ ሲከሽፍ ኤፍሲንክ ስህተቱን ይናገራል። ፕሮግራሙ እንደገና ቢጠይቅ ግን ከርነሉ ገጾቹን እንደ ተጻፉ ቆጥሯቸው ስለሚሆን «ሁሉም ደህና ነው» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። ፖስትግሬስ በ2019 አሠራሩን ለወጠ። ኤፍሲንክ ከከሸፈ ደግሞ አይጠይቅም፤ ሥራውን አቁሞ ከራሱ የክንውን መዝገብ መረጃውን መልሶ ይገነባል።

ይህ የፕሮግራመሮች ጣጣ ብቻ አይደለም። በአገራችን የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ ሰነድ ሕጋዊ እውቅና ሰጥቷል። ደንበኛ ገንዘብ አስገብቶ «ተሳክቷል» የሚል መልእክት ሲደርሰው፣ ያ ቃል ራም ላይ ያለ ተስፋ ነው ወይስ ዲስክ ላይ የሰፈረ እውነት? መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ጥያቄው የቅንጦት አይደለም።

ከርነሉን አልወቅሰውም፤ የሰጠው ቃል «ተቀብያለሁ» የሚል ብቻ ነው። ጥፋቱ «ተቀብያለሁ»ን «ተፈጽሟል» ብሎ ለደንበኛ የሚተረጉመው ሶፍትዌር ነው። ስለዚህ ሶፍትዌር የሚገዛ መሥሪያ ቤት ውሉ ላይ አንዲት አንቀጽ ያስገባ፤ «ሲስተሙ ‹ተሳክቷል› የሚለው መረጃው ዲስክ ላይ መስፈሩ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው»። ርክክብ ሲደረግም መልእክቱ በታየበት ቅጽበት የመሞከሪያውን ማሽን ሶኬት ነቅሎ ይፈትነው። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ያለ ዩፒኤስ አልጽፍም።