ያረጀው ቀይ ኮከብ

 የዛሬው ንግግራችን የአንድ ያረጀ ኮከብ ታሪክ ነው። ዓመታቱን የምጠራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በታኅሣሥ ወይም በጥር፣ ሲመሽ ደጅ ውጡና ፊታችሁን ወደ ምሥራቅ አዙሩ። በአንድ መስመር የተሰደሩ ሦስት ከዋክብት ታያላችሁ። ከነሱ በስተ ግራ ቀላ ያለ ደማቅ ኮከብ አለ። ስሙ ቤቴልጅዩዝ ይባላል።

ይህ ስም የንባብ ስሕተት ያመጣው ነው። ዐረቦች ኮከቡን ‹‹ያድ አል ጀውዛ›› ይሉት ነበር፤ የጀውዛ እጅ ማለት ነው። በዐረብኛ ቃሉ ሲጀምር የ‹‹ያ›› ድምፅ ከሥሩ ሁለት ነጥብ አለው፤ የ‹‹ባ›› ግን አንድ ብቻ ነው። በመካከለኛው ዘመን ስሙን ወደ ላቲን ሲያዛውሩት ሁለቱ ነጥብ እንደ አንድ ተነበበ። ‹‹ያ›› ‹‹ባ›› ሆነና ስሙ እንደተበላሸ ቀረ። እኛም ብንሆን ‹‹በላ›› የሚለውን ‹‹ባላ›› ብለን ብናነብ እራታችን እንጨት ሆነ ማለት ነው!

አሁን ወደ ኮከቡ እንመለስ። ለምን ቀላ? ብረት ቀጥቃጭ ብረቱን ሲያግል አይታችኋል። መጀመሪያ ይቀላል፣ በጣም ሲግል ወደ ነጭ ያደላል። የፀሐይ ገጽ ሙቀት 5,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። የዚህ ኮከብ ግን 3,300 ገደማ ነው። ስለዚህ ቀይ ሆኖ ይታያል።

ዕድሜው 10 ሚሊዮን ዓመት ያህል ቢሆን ነው። ፀሐያችን 4,600 ሚሊዮን ዓመት ኖራለች፣ ገና አላረጀችም። ታዲያ እሱ እንዴት ቀድሟት አረጀ? ትልቅ እሳት እንጨቱን ቶሎ ይጨርሳል። ኮከቡ ከፀሐይ 15 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ይከብዳል፤ በእምብርቱ የነበረውን ሃይድሮጂን ቶሎ ጨረሰ። ከዚያ በኋላ አካሉ አበጠ፣ ገጹም ቀዘቀዘ።

ምን ያህል አበጠ? ታኅሣሥ 1920 በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ፣ በዊልሰን ተራራ ላይ አልበርት ማይክልሰንና ፍራንሲስ ፒዝ ይህን ለኩ። በትልቁ ቴሌስኮፕ አፍ ላይ 6 ሜትር የሚሆን ብረት አግድም አስረው፣ በላዩ መስተዋት አደረጉ። ከሁለት መስተዋት የመጣው ብርሃን ሲገናኝ ጥቁርና ብሩህ መስመር ይሠራል። መስተዋቶቹን ቀስ እያሉ አራራቁ። 3 ሜትር ገደማ ሲደርሱ መስመሩ ጠፋ። በዚህ የኮከቡን ስፋት አወቁ። ከፀሐይ ሌላ የአንድ ኮከብ ስፋት በዚህ መንገድ ሲለካ ያ የመጀመሪያው ነበር። ሥራው አንድ ሳንቲም ከ90 ኪሎ ሜትር ርቀት የመለካት ያህል ነው። ዛሬ በሚታወቀው ስሌት፣ ኮከቡ በፀሐይ ቦታ ቢቀመጥ መሬትንም ማርስንም ይውጣቸው ነበር።

በ2019 መጨረሻ ደግሞ ኮከቡ መደብዘዝ ጀመረ። በየካቲት 2020 ከብርሃኑ ከግማሽ በላይ አጥቶ ነበር። ‹‹መሞቻው ደረሰ፣ ሊፈነዳ ነው›› ተባለ። አንዳንዶች ግን ሳይቸኩሉ፣ በቺሊ ባለው ትልቅ ቴሌስኮፕ ያነሡትን ሥዕል ከቀድሞው ጋር አስተያዩ። ውጤቱን በ2021 አወጡ፤ ኮከቡ ጋዝ ተፍቶ፣ ጋዙ ቀዝቅዞ አቧራ ሆኖ፣ አቧራው ጋርዶት ኖሯል። የፋኖስ ብርጭቆ ጥላሸት ሲይዘው ብርሃኑ ይደክማል፤ ላምባው ግን አላለቀም። ኮከቡም በዚያው ዓመት፣ በ2020፣ ብርሃኑ ተመለሰለት።

አንድ ቀን መፈንዳቱ አይቀርም። ያ ቀን ምናልባት ከ100,000 ዓመት በኋላ ይሆናል። ሲፈነዳ በቀን ይታያል፤ ሩቅ ስለ ሆነ ግን እኛን አይጎዳም።

አድማጮቼ፣ አንድ ነጥብ የተሳሳተ ሰው ስም አበላሸ፤ አንድ መስመር የጠበቀ ሰው ኮከብ ለካ። ወሬ ሰምታችሁ ከመደንገጣችሁ በፊት ደግማችሁ አንብቡ። ዛሬ ማታ ንባባችሁን ስትጨርሱ ሰማዩንም እዩት። ደኅና እደሩ።