ዘይላዕ፦ ከግንቧ ይልቅ ስሟ የቆየላት ወደብ



በጂንካ የቅዳሜ ገበያ የሐመር እናቶች በቆዳ ልብሳቸው ላይ የሰፉትን ዛጎል ያላየ የለም። ዛጎል የባሕር ነው። ከሕንድ ውቅያኖስ ወጥቶ፣ ከነጋዴ ወደ ነጋዴ እየተላለፈ ነው ደቡብ ኦሞ የደረሰው። ባሕሩ ቢርቀንም የወደቦች ታሪክ እኛንም ይነካል። ዛሬ ከወደቦቹ ስለ አንዷ፣ ስለ ዘይላዕ እናወራለን።

ዘይላዕ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳር፣ ከጅቡቲ ድንበር አቅራቢያ በሶማሌላንድ ጠረፍ ትገኛለች። የጂኦግራፊ ጸሐፊው አል-የዕቁቢ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ጠቅሷታል። ሁለት ሚሕራብ እንዳለው የሚነገርለት የመስጂደል ቂብለተይን ፍርስራሽ ዛሬም አለ።

እ.ኤ.አ. በ1331 አካባቢ ኢብን በጡጣ ደረሰባት። ትልቅ ከተማ፣ ትልቅ ገበያ ያላት መሆኗን መሰከረ። ነገር ግን የዓሣው ሽታና በየመንገዱ የሚታረደው የግመል ደም አስመርሮት፣ ማዕበሉን ችሎ መርከብ ላይ ማደርን መረጠ!

ከሐረርና ከመሃል አገር የሚወርዱ ሲራራ ነጋዴዎች ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ቆዳ ያደርሱላት ነበር። እውነቱን እንናገር፦ በግፍ የተያዙ ሰዎችም በዚህች ወደብ ተሸጠው ባሕር ተሻግረዋል። ታሪክ ስንወድ ይህንንም ሳንደብቅ ነው።

ታዲያ የዘይላዕ ልዩነት ምንድን ነው? በ14ኛው ክፍለ ዘመን አል-ዑመሪ እንደጻፈው፣ ኢፋትን፣ ሐድያንና ባሌን ጨምሮ ሰባቱ የሐበሻ ሙስሊም ግዛቶች በግብፅና በሻም "የዘይላዕ አገር" ይባሉ ነበር። የአንዲት ወደብ ስም ለሰፊ አገር መጠሪያ ሆነ!

ስሙን ከፍ ካደረጉት መካከል ሁለት ዓሊሞች አሉ። ፈኽሩዲን ዑስማን አዝ-ዘይለዒይ "ተብዪኑል ሐቃኢቅ" የተሰኘውን ታላቅ የሐነፊ ፊቅህ ኪታብ ጽፈው በ743 ዓ.ሂ. ካይሮ ውስጥ አረፉ። ተማሪያቸው ጀማሉዲን ዓብደላህ አዝ-ዘይለዒይ (በ762 ዓ.ሂ. ያረፉት) ደግሞ በ"ነስቡር ራያህ" ኪታባቸው፣ "አል-ሂዳያህ" በተባለው የፊቅህ ኪታብ ውስጥ ያሉትን ሐዲሦች እያንዳንዳቸውን ከምንጫቸው ፈልገው አወጡ። ዛሬም ከሕንድ እስከ ቱርክ የሐነፊ ፊቅህ ተማሪዎች "ዘይለዒይ እንዳሉት" ይላሉ።

ከተማይቱስ? እ.ኤ.አ. በ1517 ፖርቹጋሎች አቃጠሏት፤ ተመልሳ ቆመች። የባሰው ያለ ጦር መጣ። ፈረንሳዮች ጅቡቲን መሠረቱ፤ የምድር ባቡሩም ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ንግዱ በሐዲዱ ሄደ። ዘይላዕ ያለ ገበያ ቀረች።

ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው። መንገድ ያመጣው ሀብት መንገዱ ሲዞር አብሮ ይዞራል። ሰው በልቡ ይዞት የሄደው ዒልም ግን ከተማው ቢፈርስም አይፈርስም።

የደቡብ ኦሞን ስም ዛሬ ዓለም የሚያውቀው በአብዛኛው በቱሪስት ፎቶ ነው፤ ያውም ሌሎች ባነሱት። አንተ ወንድሜ፣ አንቺ እህቴ ለትምህርት ወደ አርባ ምንጭ ወይም አዲስ አበባ ስትወጡ "ከየት ናችሁ?" ትባላላችሁ። "ከጂንካ" የሚለው መልሳችሁ በሰሚው ጆሮ ምን ትርጉም እንደሚኖረው የሚወስነው ይዛችሁ የምትሄዱት ነው።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይስጠን። ወላሁ አዕለም።