ገል ያስተማረው ጥበብ



በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ፣ አሪዞናና ኒው ሜክሲኮ በሚባሉት ደረቅ አገሮች፣ ከጥንት ጀምሮ በመንደር ተሰብስበው በቆሎ እየዘሩ የሚኖሩ ነባር ሕዝቦች አሉ። እስፓኞች በ16ኛው መቶ ዓመት መጥተው ባዩአቸው ጊዜ በቋንቋቸው «ፑዌብሎ»፣ ማለት መንደር፣ ብለው ጠሩአቸው፤ ስሙም እስከ ዛሬ ጸንቶ ቀረ። የዛሬው ንግግራችን እነዚህ ሰዎች በሸክላ ላይ ስለሚሥሉት ሥዕል ነው።

ሸክላ መሥራት በቀድሞው ዘመን በአብዛኛው የሴቶች ሙያ ነበረ። በመንኰራኩር አይሠሩም፤ ጭቃውን እንደ ገመድ አድቦልቡለው እየደራረቡ ያቆሙታል፣ በቅል ስባሪ ይፍቁታል፣ በለስላሳ ድንጋይ እያሹ ያሳምሩታል። ብሩሻቸው ዩካ የሚባል ተክል ቅጠል ነው፤ ጫፉን አኝከው ጭረቱን ካወጡ በኋላ ይሥሉበታል። ከሚሥሉትም ውስጥ ደመና፣ ዝናብ፣ ወፍና ላባ ይገኙበታል። በዚያ ምድር የዝናብ ነገር የሕይወት ነገር ነውና ይህ አያስደንቅም።

ከፑዌብሎ ሕዝቦች አንዱ ሆፒ ይባላል። በሆፒዎች አገር በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዓመት ሲክያትኪ የምትባል መንደር ነበረች። ሸክላዋ በድንጋይ ከሰል እየተተኰሰ ቢጫ መልክ ይይዝ ነበር፤ በላዩም የሚሣለው ወፍና ክንፍ ከሌላው ሁሉ ልዩ ነበረ። በኋላ መንደሪቱ ፈረሰች፤ የአሣሣሉም ስልት ከባለሙያዎች እጅ ጠፋ። በ19ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ላይ ደግሞ ነጋዴዎች የብረት ዕቃ ስላመጡ፣ የሸክላው ሙያ ራሱ እየደከመ ሄደ።

በዚህ ጊዜ በሃኖ መንደር ወይዘሮ ናምፔዮ የሚባሉ፣ በ1860 ገደማ የተወለዱ፣ ሸክላ ሠሪ ተነሡ። ከፍርስራሹ ገል እያነሡ ሥዕሉን ይመረምሩ ነበር። በ1895 ጄሲ ዎልተር ፊውክስ የሚባሉ ሊቅ ሲክያትኪን አስቆፍረው ከመቃብሮቹ ብዙ ዕቃ አወጡ፤ ያም ወደ ዋሽንግተን ቤተ መዘክር ተወሰደ። ወይዘሮ ናምፔዮ ግን ከዚያ አስቀድመው የጥንቱን ሥዕል መሣል ጀምረው ነበር።

ሊቁ በ1898 በታተመው ጽሑፋቸው ብልሃታቸውን አመስግነው፣ ለአሮጌው ዕቃ የተሻለ ገበያ ስላገኙ የጥንቱን አስመስለው ይሠራሉ አሉ። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ የጠፋ ጥበብ ከገል ላይ አንብቦ የሚያስነሣ ሰው ገልባጭ ነው ወይስ ወራሽ?

መልሱን ሥራቸው ይሰጠናል። ገልባጭ ያየውን ብቻ ይደግማል፤ እርሳቸው ግን የጥንቱን ወፍና ክንፍ በአዲስ አኳኋን እያጣመሩ፣ ትከሻው ሰፊ በሆነ ገንቦ ላይ እንደ ስፋቱ ያስማሙት ነበር። በ1905 በግራንድ ካንየን ጐብኚዎች ፊት ሠርተው አሳይተዋል። በሸመገሉም ጊዜ ዓይናቸው ቢደክም ጭቃውን በእጃቸው እየዳሰሱ ቅርጹን ያወጡ ነበር፤ ሥዕሉን ሴቶች ልጆቻቸው ይሥሉላቸው ነበር። በ1942 ቢያርፉም ሙያው በዘራቸው ዘንድ አልተቋረጠም።

ከመቃብር ስለ ወጣው ዕቃ ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት በ1990 ሕግ አውጥቷል። በዚህም ሕግ ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ቤተ መዘክሮች የነባር ሕዝቦችን አፅምና ከሙታን ጋራ የተቀበረውን ዕቃ ዘርዝረው፣ ባለመብቶቹ ሲጠይቁ እንዲመልሱ ታዘዙ።

አድማጮች ሆይ፤ ቅርስ በመስታወት ሣጥን ውስጥ በመቀመጡ ከመሰበር ይድናል፤ ከመረሳት የሚድነው ግን የሚማርበት ሰው ሲያገኝ ነው። የሲክያትኪ ማሰሮ ርቆ ተወሰደ፤ ሥዕሉን ግን በመንደር የቀረ ገል አስተማረው።