ዜና ደብረ ጽዮን ዘሐይቀ ዝዋይ

ይህ በዝዋይ ሐይቅ ደሴት ላይ የተተከለችው የደብረ ጽዮን ማርያም ዜና ነው። አባቶች ለልጆች በቃል ያወረዱትን ከተጻፈው ጋር አገናኝቼ ጻፍሁት።

ዮዲት ተነሥታ የአክሱምን አብያተ ክርስቲያናት ባቃጠለች ጊዜ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ተሸክመው፣ መጻሕፍቱን አዝለው ወደ ደቡብ ሸሹ ይላል የደሴቱ ትውፊት። ሸዋን አልፈው ወደ ስምጥ ሸለቆው ቆላ ወረዱ፤ በታንኳም ተሻግረው ታላቂቱን ደሴት ደብረ ጽዮን አሏት። ኦሮሞው ቱሉ ጉዶ ይላታል። ታቦተ ጽዮን በዚያ 70 ዓመት ተቀምጣ፣ አገር ሲረጋ ወደ አክሱም ተመለሰች። ከመጡት ግን ብዙዎቹ ቀሩ፤ ከልዩ ልዩ አገር ከመጣ ሰው ጋር ተዋልደውም ዛይ የሚባል ሕዝብ ሆኑ።

ከዚያም የዛጉዌ ዘመን ሆነ፤ የደብረ ጽዮንን ዕድል ከእርሷ ጋር አነጻጽር ዘንድ የሌላዋን ቤተ ክርስቲያን የአዳዲን ነገር ላንሣ። ንጉሥ ላሊበላ ዝቋላን ሊሳለም በመጣ ጊዜ አዳዲ ማርያምን አሳነጸ ይባላል። እርሷም ከመልካ ቁንጥሬ በማይርቅ ስፍራ፣ ከአንድ ዓለት ወደ ታች ተፈልፍላ የወጣች ናት። ጣሪያዋ ከሜዳው ጋር ትክክል ነው፤ በዙሪያዋ ጠባብ መተላለፊያ ተቆፍሯል፤ ብርሃን በግድግዳዋ በተበሱ መስኮቶች ይገባል። ሥራዋን ያየ ሰው የላስታን እጅ ያውቅባታል።

በ1521 ዓ.ም. ከሞጆ በማይርቀው በሽምብራ ቁሬ አፄ ልብነ ድንግል በኢማም አሕመድ ድል ሆነ። የሸዋ አድባራት ተቃጠሉ። አዳዲም ሰው አጥታ ለብዙ ዘመን ጠፍ ሆነች፤ ዳግመኛ የታወቀችው በምኒልክ ዘመን እንደ ሆነ ይነገራል። እዚህ ላይ ጥቂት ልቆም እወዳለሁ። ዓለቷ ቆማ ቀረች፤ ቅዳሴው ግን ተቋረጠ። ደብረ ጽዮን ከዓለት የተፈለፈለ ሕንፃ የላትም፤ ቅዳሴዋን የጠበቀላት ሕዝቡ ነው።

የዛይ ሰዎች ጥልቀቱ 10 ሜትር በማይሞላ ውኃ ተከበው ኖሩ። የደሴቱን ዳገት እርከን ሠርተውለት አረሱት፤ ዓሣ አጠመዱ፤ ሸማ ሠሩ። በዳርቻው ከሰፈረው ከአርሲ ኦሮሞ ጋር ተገበያዩ፤ ቋንቋውንም ለመዱ፤ በቤታቸው ግን ከስልጤና ከሐረሪ ቋንቋ ጋር የሚዛመደውን ዛይኛን ተናገሩ። ጳጳስ በሌለበት፣ የንጉሥ ጉልት በማይደርስበት ጾሙንና በዓሉን አላስታጎሉም። ለእኔ ከየትኛውም ሕንፃ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይህ ጽናት ነው።

በ1870ዎቹ ዓ.ም. ምኒልክ በአርሲ ላይ ዘመተ፤ አርሲም ለዓመታት ተዋጋ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ። ከዚያ በኋላ ደሴቶቹ ከሸዋ ቤተ መንግሥት ጋር ተገናኙ። በደሴቱ የተጠበቁት ብራናዎችም ለሊቃውንት ታወቁ። በእኛ ዘመን የሸዋው ሊቀ ጳጳስ አቡነ ጎርጎርዮስ አሁን ባቱ በምትባለው በዝዋይ ከተማ የካህናት ማሠልጠኛ አቋቋሙ፤ በ1982 ዓ.ም. በመኪና አደጋ አረፉ።

አሁን ከደሴቶቹ ብዙ ሰው ወደ ዳርቻ ወጥቶ በመቂና በባቱ ሰፍሯል። ዛይኛ የሚናገረው ቁጥሩ ጥቂት ነው። ከመቂና ከቀታር ወንዞች የሚሞላው ሐይቅም ለመስኖና ለአበባ እርሻ ይቀዳል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ከአዳማ በሞጆና በመቂ አድርገህ ባቱ ስትደርስ ታንኳ ተሳፍረህ ወደ ደብረ ጽዮን ተሻገር፤ ኅዳር 21 የጽዮን በዓል ነው። አንተም የብራና ጥበቃ የምታውቅ፣ ሙያህን ይዘህ ሂድ። የዛይ ሽማግሌዎችም በሕይወት ሳሉ የሚያውቁትን በገዛ ቋንቋቸው የሚጽፍ ሰው ይላክላቸው።