ደረት ሳይከፈት ልብን ማከም፦ የአንድ ቀጭን ቱቦ ታሪክ

"ልቤ ትር ትር ይልብኛል" የሚሉ እናቶች፣ ምታቸው ድንገት የሚዘበራረቅባቸው አባቶች በየቤታችን አሉ። አንዳንዶቹ ካቴተር አብሌሽን ለሚባለው ሕክምና ወደ ውጭ አገር ይሄዳሉ። እኛ ልጆቻቸው የምንጠይቀው ግን ብዙ ጊዜ "ስንት ብር ይፈጃል?" ብቻ ነው። ዛሬ ሌላውን ጥያቄ እናንሳ፤ አደጋውስ?

እ.ኤ.አ. በ1929 በጀርመኗ ኤበርስቫልደ ከተማ ቨርነር ፎርስማን የተባለ ወጣት ሐኪም በገዛ ክንዱ ደም ሥር ቱቦ አስገባ። ከዚያም በእግሩ ወደ ራጅ ክፍል ሄዶ ጫፉ ልቡ ውስጥ መድረሱን በፎቶ አሳየ። ያኔ ያመሰገነው ጥቂት ነው፤ በ1956 ግን ከሌሎች ሁለት ሐኪሞች ጋር ኖቤል ተሸለመ።

በቱቦው ማከም የተጀመረው በአጋጣሚ ነው ማለት ይቻላል። በ1979 የፈረንሳይ ሐኪሞች አንድ ገጠመኝ ጻፉ። ልቡ ውስጥ ካቴተር ለነበረ ታካሚ የኤሌክትሪክ ንዝረት ሲሰጠው፣ ኃይሉ በካቴተሩ አልፎ የልቡን የኤሌክትሪክ መስመር በጠሰው። በ1982 የአሜሪካ ሐኪሞች ይህንኑ ሆን ብለው ለሕክምና እንዳዋሉት አስታወቁ። ዘዴው ግን ጨካኝ ነበር፤ ንዝረቱ ልብ ውስጥ እንደ ፍንዳታ ግፊት ስለሚፈጥር ግድግዳውን ሊበሳ ይችላል። በ1980ዎቹ መጨረሻ በሬዲዮ ሞገድ ሙቀት ተተካ። ሥጋው 50 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይሞታል፤ ፍንዳታ የለም።

በ1998 የፈረንሳይ ቦርዶ ከተማ ሐኪሞች 45 ታካሚዎችን አጥንተው፣ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለውን የምት መዛባት የሚለኩሰው ብልጭታ በአብዛኛው ከሳንባ ወደ ልብ ከሚመለሱት ደም ሥሮች እንደሚነሳ አሳዩ። ሐኪሞች ወደዚያው ገብተው ማቃጠል ጀመሩ፤ ደም ሥሮቹም ጠባሳ ይዘው ጠበቡ። መፍትሔው ቀላል ነበር፦ ከውስጥ ወጥቶ በአፋቸው ዙሪያ ማቃጠል።

ከሁሉ የከፋው በ2004 ተዘገበ። የምግብ ቧንቧችን ከግራ ላይኛው የልብ ክፍል ጀርባ ተለጥፎ ነው የሚያልፈው። ቃጠሎው ወደ ኋላ ሲዘልቅ በሁለቱ መካከል ቀዳዳ ይከፍታል። እጅግ ብርቅ ነው፤ ሲከሰት ግን ብዙዎችን ይገድላል። ስለዚህ በጀርባው ግድግዳ ላይ ኃይል ይቀነሳል ወይም ጊዜ ያጥራል፣ ብዙ ቦታም የምግብ ቧንቧው ሙቀት ይለካል። ይህ ጉዳት የሚታየው ታካሚው ቤቱ ከገባ ከአንድ እስከ ጥቂት ሳምንታት በኋላ መሆኑን ልብ በሉ። ከውጭ ታክሞ የተመለሰ ዘመዳችሁ ትኩሳት፣ የደረት ሕመም፣ የመዋጥ ችግር ወይም የስትሮክ ምልክት ካሳየ "ብርድ ነው" ብላችሁ አትተኙ። ሆስፒታል ውሰዱትና አብሌሽን መሥራቱን በመጀመሪያው ቃላችሁ ተናገሩ። የሚመረመረው በሲቲ ስካን ነው፤ በአፍ የሚገባው የኢንዶስኮፒ ካሜራ አየር ስለሚነፋ ሊገድለው ይችላል።

ሌላው ስትሮክ ነው። ድሮ ደም ማቅጠኛ መድኃኒት ከሕክምናው በፊት ይቋረጥ ነበር፤ "ይደማል" ተብሎ። በ2014 የወጣ፣ 1,584 ታካሚዎችን ያካተተ ጥናት ዋርፋሪን ካቋረጡት 4.9 በመቶ፣ ካላቋረጡት ግን 0.25 በመቶ ብቻ ስትሮክ ወይም ጊዜያዊ ስትሮክ እንደገጠማቸው አሳየ። የመድማቱ ስጋት ምክንያታዊ ይመስል ነበር፤ ማስረጃው ግን ሌላ ሆነ። ስለዚህ መድኃኒቱን በራሳችን ወይም በጎረቤት ምክር አናቋርጥም፤ ሐኪሙን እንጠይቃለን።

በብሽሽት መርፌ ሲገባም ሆነ በልብ ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ሲበሳ በአልትራሳውንድ እያዩ መሥራት የመድማትና የመበሳት አደጋን ቀንሷል። የሐኪሙ ልምድም ትልቅ ድርሻ አለው። "በዓመት ስንት ሰው ይሠራሉ?" ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

የሚገርመው ኤሌክትሪኩ ተመልሶ መጣ። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካ የተፈቀደው አዲሱ ዘዴ ሥጋውን በሙቀት ሳይሆን እጅግ አጫጭር በሆኑ የኤሌክትሪክ ምቶች ይገድላል፤ የልብ ጡንቻ ከምግብ ቧንቧ ይልቅ ለእነዚህ ምቶች ደካማ ነው። በ2024 በወጣ፣ ከ17,000 በላይ ታካሚዎችን በያዘ ጥናት አንድም የምግብ ቧንቧ ቀዳዳ አልተገኘም። ሆኖም ምቱ ሲበዛ ቀይ የደም ሴሎች ይሰባበራሉ፤ በዚያው ጥናት አምስት ሰዎች በዚህ ምክንያት ኩላሊታቸው ተጎድቷል። አሁን ሐኪሞች የምቶቹን ብዛት እየገደቡ፣ ለታካሚው በቂ ፈሳሽ መስጠት ጀምረዋል።